ለተሻሻለ ቱርቦ ሞተር የሚታመን ጌጅ እንዴት ይመረጣል?

ቦክሰር (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። የ2016 ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ኤስቲአይ አለችኝ። ሞተሯ 2.5 ሊትሩ ኢጄ 257 ነው። የጭስ ማውጫዋ ተቀይሯል፤ ኮምፒውተሯም በሙያው በሚታወቅ ሰው እጅ እንደገና ተስተካክሏል። ከፋብሪካ ስትወጣ 305 የነበረው የፈረስ ጉልበት አሁን ከዚያ ከፍ ብሏል። በሥራ ቀናት እንደማንኛውም መኪና እነዳታለሁ፤ በበጋ ወራት ግን ከዴንቨር በስተምሥራቅ ወዳለው የሃይ ፕሌንስ መወዳደሪያ ሜዳ ይዣት እሄዳለሁ። ኢንተርስቴት 70ን ይዤ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ የምወጣበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሽቅቡ ረጅምና ከባድ ነው።

አሁን ስለ ሞተሩ የሚነግሩኝ ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውሃ ሙቀት ቀስት፣ በላይኛው ስክሪን የሚታየው የቱርቦ ግፊት እና ቀዩ የዘይት መብራት። ጉልበቱ ለጨመረ ሞተር ይህ በቂ እንዳልሆነ ስለገባኝ ተጨማሪ ጌጆች (የግፊትና የሙቀት መለኪያዎች) ለመግጠም ወስኛለሁ። ነገር ግን ገበያው ውስጥ ስገባ ግራ ተጋባሁ። በአንድ በኩል አራት ጌጅ ከነሴንሰሩ በጣም ርካሽ በሆነ ዋጋ ይቀርባል፤ በሌላ በኩል ዴፊ ወይም ኤኢኤም የተባሉት ድርጅቶች የሚሠሩት አንድ ጌጅ ብቻ ከዚያ በላይ ያስከፍላል።

ልምድ ያላችሁን የምጠይቀው እነዚህን ነው። ገንዘቤ ለሁለት ወይም ለሦስት ጥሩ ጌጅ ብቻ ቢበቃ የትኞቹ ይቅደሙ? መካኒካል ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ? ጌጁ እውነቱን እየነገረኝ መሆኑን ቤቴ ውስጥ በምን ላረጋግጥ? በተጨማሪም ቨርጂኒያ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ተመሳሳይ መኪና አለው፤ የሁለታችንም ጌጅ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ፣ ፓውንድ በካሬ ኢንች) እያሳየ የእሱ መኪና በግልጽ ትፈጥናለች። የኔ ስክሪን እየዋሸ ይሆን?

ሬክቲፊካ (ሲያትል)

ሰላም ወንድሜ። ሥራዬ ሞተር ሬክቲፊካ (ያረጀ ሞተር ማደስ) ስለሆነ ጥያቄዎን የማየው ተበላሽተው ከሚመጡልን ሞተሮች በኩል ነው። ለኢጄ ሞተር መጀመሪያ የሚገዛው የዘይት ግፊት ጌጅ ነው፤ የተቀረው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል። የቢየላውን (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ብሮንዚና፣ ማለትም ስስ ተሸካሚ ብረት፣ ከኮሎው (ከክራንክ ሻፍቱ) የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ይህ ሽፋን ይሳሳል፤ ብረት ከብረት ጋር መነካካት ከጀመረ ደግሞ ሞተሩን ለማትረፍ የሚቀረው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ይህ የሞተር ቤተሰብ በቢየላ ብሮንዚና መቃጠልና የፒስተን ፋሻ በሚቀመጥበት ቦይ ግድግዳ መሰበር የታወቀ በመሆኑ፣ በተለይ ጠበቅ ያሉ ኩርባዎች ባሉበት ሜዳ ላይ የሚነዳው ሰው የዘይት ግፊቱን ሳያይ መንዳት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ቀዩ መብራት ግፊት አይለካም። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ስዊች ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ በታች፣ በብዙ መኪኖች ላይ እንዲያውም ከዚያ በጣም አንሶ ሲገኝ ብቻ መብራቱን ያበራል። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ 60 ፒኤስአይ ማሳየት የነበረበት ሞተር ወደ 20 ቢወርድ መብራቱ ጸጥ እንዳለ ብሮንዚናው ያልቃል። ቀስት ያለው ጌጅ ሁሉ ይለካል ማለትም አይደለም። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 የዘይት ጌጅ ከ1995 ጀምሮ በስዊች የሚሠራ ሆኖ ነበር፤ ግፊት ካለ ቀስቱ መሀል ላይ ይቆማል፣ ከሌለ ይወድቃል፤ በመካከል ያለውን ምንም አይናገርም። የፋብሪካ የውሃ ሙቀት ቀስቶችም በብዙ መኪኖች ላይ ሆን ተብለው እንዲረጋጉ ስለሚደረግ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ሲለዋወጥ እንኳ ከመሀል አይነቃነቁም።

ስለዚህ ጌጅ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚመረመረው ሴንሰሩ ነው። የመስታወቱ ውበትና የመብራቱ ቀለም ስለ ልኬቱ የሚነግሩት ነገር የለም። አምራቹ የሴንሰሩን ዓይነት በጽሑፍ ይገልጻል? ሴንሰሩ ቢበላሽ ለብቻው ይሸጣል? ከጥቂት ዓመት በኋላስ ይገኛል? የእነዚህ መልስ «አይደለም» ከሆነ ጌጁን ይተዉት። ርካሾቹን ጥቅሎች የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሴንሰሩ ሲሞት አብሮ የሚጣለው ጌጁም ነው።

የድሮው ዓይነት ሴንሰር ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መቋቋም ይለውጣል። የጀርመኑ ቪዲኦ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከ10 እስከ 180 ኦም ሲሆኑ፣ የአሜሪካ ጌጆች በአብዛኛው ከ240 እስከ 33 ኦም ናቸው። የአንዱ በግፊት ሲጨምር የሌላው ይቀንሳልና ካልተዛመደ ሴንሰር ጋር የተገጠመ ጌጅ የሚያሳየው ቁጥር ፍጹም ሐሰት ነው። ለእርስዎ የምመርጠው አዲሱን፣ በ5 ቮልት የሚሠራውንና ሦስት ሽቦ ያለውን ሴንሰር ነው። ይህኛው የራሱ የማሳ (የኔጋቲቭ) ሽቦ ስላለው በብሎኑ ጥርስ በኩል በሚያልፍ ግንኙነት ላይ አይመሠረትም። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ላይ ቴፍሎን አብዝቶ የሚጠቀልል ሰው ማሳውን አቋርጦ ቀስቱ ሲዋዥቅ ጌጁን ይወቅሳል።

የብሎን ጥርስ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ በዚህ ምክንያት የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ አይቻለሁና። በእርስዎ ሞተር ላይ ያለው የዘይት ቀዳዳ 1/8 ቢኤስፒቲ የተባለው የብሎን ጥርስ ልክ ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው። በአሜሪካ የሚሸጡት ሴንሰሮች ደግሞ 1/8 ኤንፒቲ የተባለው ልክ፣ ማለትም በኢንች 27 ጥርስ ናቸው። ሁለቱ ሲጀመር የተዛመዱ ይመስላሉ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ግን ይጠነክራሉ፤ በጉልበት ከተገፋ ወይ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። መለወጫዋ የምትሸጠው በጥቂት ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ሴንሰሩን በናስ መጋጠሚያ ላይ በቀጥታ አይስቀሉት፤ ከባድ ሴንሰር በሞተሩ ንዝረት መጋጠሚያውን ቀስ በቀስ ያደክመውና አንድ ቀን ይቆርጠዋል፤ ዘይቱም በጭስ ማውጫው ላይ ይፈሳል። በብረት ሽቦ የተሸመነ አጭር ቱቦ ተጠቅመው ሴንሰሩን ከመኪናው አካል ጋር ቢያስሩት ይህ ችግር አይኖርም።

መካኒካል የዘይት ጌጅ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የጋለ ዘይት በቀጭን ቱቦ አድርጎ ወደ ተቀመጡበት ክፍል ያስገባል። ለመንገድ መኪና አልመክረውም። የነዳጅ ግፊትን በመካኒካል ጌጅ ወደ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

ስለ ድርጅቶቹ ከጠየቁኝ፣ ዴፊ ለብዙ ፋብሪካዎች የዳሽቦርድ መሣሪያ የሚሠራው የኒፖን ሴይኪ ምርት ነው፤ ቀስቱ ፈጣን ነው፣ የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥርም ይመዘግባል። በ1957 የተመሠረተው የኢሊኖይ አውቶ ሜትር መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። የኤኢኤም ኤክስ ተከታታይ በዋጋው መጠን ጥሩ ነው። የዴፊን መልክ ገልብጠው የሚሸጡ አስመሳዮች ብዙ ስለሆኑ ከታወቀ ወኪል ብቻ ይግዙ።

ናፍጣ (አዲስ አበባ፣ ጎፋ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ሬክቲፊካ ስለ ዘይት ግፊት በተናገሩት እስማማለሁ። እኔ የምመልሰው ከከፍታ ጋር የተያያዙትን ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ በከፍታ ላይ ስለምንኖር ጉዳዩ በየቀኑ ይገጥመናል።

ስክሪንዎ አልዋሸም። የቱርቦ ጌጅ የሚያሳየው በዙሪያችን ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ ዴንቨር ላይ ግን 12.1 ገደማ ነው። የባለቤትዎ ወንድም ወደ ባሕር ጠለል በቀረበ ቦታ የሚነዳ ከሆነ፣ ሁለታችሁም 15 ስታዩ የእሱ ሞተር በጠቅላላው 29.7 ሲያገኝ የእርስዎ 27.1 ብቻ ያገኛል። ከእሱ ጋር እኩል አየር ለማግኘት የእርስዎ ጌጅ 17.6 ማሳየት ይኖርበታል። አደጋው የሚመጣው ሰው ይህን ልዩነት ለመሙላት ግፊቱን ዝም ብሎ ከፍ ሲያደርግ ነው። የባለቤትዎ ወንድም ቱርቦ አየሩን በ2 እጥፍ ገደማ ሲያምቅ፣ የእርስዎ በ15 ፒኤስአይ 2.24 እጥፍ ያምቃል፤ በ17.6 ደግሞ 2.45 እጥፍ ሊደርስ ነው። ቱርቦው በዚህ መጠን በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚወጣው አየርም ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ያስተካከለልዎ ባለሙያ የሰጠዎትን ወሰን ይጠብቁ፤ ከባለቤትዎ ወንድም ቁጥር ጋር አያስተያዩት።

ጌጅ ሲገዙ በምን ላይ ተመሥርቶ ዜሮ እንደሚል ይጠይቁ። መካኒካሉ ጌጅ በውስጡ ያለው የቡርዶን ቱቦ ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሚለካ በየትኛውም ከፍታ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ዜሮ ላይ ይቆማል። ከኤሌክትሪኮቹ አንዳንዶቹ የባሕር ጠለልን ዜሮ አድርገው የተሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጌጅ እርስዎ ጋ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከዜሮ በታች 2.6 ፒኤስአይ ያህል ያሳያል። ጌጁ አልተበላሸም፤ ነገር ግን ይህን ያላወቀ ሰው ሌላውንም ቁጥር በተሳሳተ መንገድ ያነበዋል። በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) የሚታየው የመሳብ ኃይልም በየ300 ሜትሩ በ1 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ እንደሚቀንስ ይወቁ፤ ለባሕር ጠለል የተጻፈ መጽሐፍ ይዘው ባልቦላ (ቫልቭ) ተቃጥሏል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የሙቀት ጌጅ በቤት ውስጥ የሚረጋገጠው ሴንሰሩን በፈላ ውሃ ውስጥ በመንከር ነው። ነገር ግን ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እርስዎ ጋ ደግሞ በ95 ገደማ ይፈላል። ከሶማሌ ተራ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ «ስምንት ዲግሪ ይጎድለዋል» ብሎ የመለሰ ሰው አይቻለሁ፤ ሴንሰሩ ግን ትክክል ነበር። ሴንሰሩ የድስቱን ግርጌ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ከዚያ በረዶ በበዛበት ውሃ ውስጥ ነክረው ዜሮ መድረሱን ያረጋግጡ፤ ዝቅተኛውን የማያሳይ ጌጅ ከሆነ ግን በኦም መለኪያ የሴንሰሩን ቁጥር ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። የቱርቦ ጌጅን በጎማ መንፊያና በሚታመን ሌላ ጌጅ ማመሳከር ይቻላል፤ ግፊቱን ቀስ ብሎ መስጠት ነው።

በናፍጣ ሞተር ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ላንድ ክሩዘር ላይ የናፍጣ መጠን ካስጨመሩ ከሁሉ በፊት የጭስ ሙቀት ጌጅ ይግጠሙ። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ጭነው ሲወጡ ውሃው ሳይግል ጭሱ ሊግል ይችላል። ከቱርቦው በፊት ተለክቶ ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ፒስተኑና ቱርቦው አደጋ ላይ ናቸው፤ እግርዎን ያንሱ። ከቱርቦው በኋላ የተገጠመ ሴንሰር ከ100 ዲግሪ በላይ አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል ሥፍራውን ሳያውቁ ቁጥሩን ብቻ ማነጻጸር አይቻልም።

የበረሃ ፓትሮል (ዱባይ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምነዳው ቱርቦ የተገጠመለት የኒሳን ፓትሮል ቲቢ48 ነው፤ 4.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። አሸዋ ላይ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየሠራ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው፤ የውጭው ሙቀትም በበጋ ከ45 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የተማርኩት የዘይት ግፊት ያለ ዘይት ሙቀት ግማሽ መረጃ መሆኑን ነው። ዘይት ሲግል ይቀጥናል፤ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ የሚታየው 80 ፒኤስአይ ስለ ሞተሩ ጤና የሚናገረው ነገር የለም፤ ዘይቱ 100 ዲግሪ ላይ ሳለ የሚታየው ቁጥር ነው ትርጉም ያለው። ሥራ ላይ ከ90 እስከ 110 ጥሩ ነው፤ ወደ 130 ሲጠጋ ማሳረፍ ይገባል፤ ይህ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል።

ሬክቲፊካ ያላነሱት የውሃ ግፊት ነው። የሙቀት ሴንሰር በትክክል የሚለካው በውሃ ውስጥ ሲሆን ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ካለቀ ሴንሰሩ በእንፋሎትና በአየር ውስጥ ስለሚቀር ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) እየተቃጠለ ቀስቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። የውሃ ግፊት ሴንሰር ግን ውሃው ማምለጥ እንደጀመረ ወዲያውኑ ያስታውቃል። ለሜዳ መኪና ከቱርቦ ጌጅ አስቀድሜ እገዛዋለሁ፤ የቱርቦውን ግፊት የእርስዎ ስክሪን ቀድሞም ያሳይዎታልና።

ሦስተኛው ምርጫዬ ዋይድባንድ፣ ማለትም የአየርና የቤንዚን ምጥጥን ጌጅ ነው። ቱርቦ ሙሉ ግፊት ላይ እያለ ነዳጅ ከጎደለው ፒስተን ይቀልጣል። የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ሴንሰር የሚጠቀሙትን ይምረጡ፤ የቀደመው 4.2 በየጊዜው በንጹሕ አየር እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። ሴንሰሩን ከቱርቦው በኋላ፣ ራቅ አድርገው፣ ከአግድሙ ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ብሎ እንዲቆም ያስበይዱት፤ ካልሆነ የጠዋት ጤዛ ገብቶበት በጋለ ጊዜ ይሰነጠቃል። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ሴንሰሩ ጭስ ማውጫው ውስጥ እንዳለ መንዳትም ያበላሸዋል። እርሳስ ያለው የውድድር ቤንዚን እንደዚሁ።

መጨረሻ ላይ፣ በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ርካሽ ስክሪኖች እዚህ በአንድ በጋ ይጠቁራሉ። በጌጁ ውስጥ ባለ ጥሩ ትንሽ ሞተር የሚንቀሳቀስ ቀስት ይህን ይችላል፤ በፀሐይ ብርሃንም በአንድ እይታ ይነበባል።

ቦክሰር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የከፍታው ማብራሪያ ለብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝን ነገር መለሰልኝ። የዘይት ግፊት፣ የዘይት ሙቀት እና ዋይድባንድ ለመግጠም ወስኛለሁ፤ የውሃ ግፊቱ በሚቀጥለው ዓመት ይሆናል። የሚቀረኝ ጥያቄ የማስጠንቀቂያ መብራቱን በስንት ፒኤስአይ ላይ ላድርገው የሚለው ነው፤ በሜዳ ላይ ኩርባ እየያዝኩ ቀስት መመልከት አልችልም። ሴንሰሩንስ ከየት ላውጣው?

ሬክቲፊካ

ጥሩ ምርጫ ነው። የበረሃ ፓትሮል ስለ ውሃ ግፊት ያሉትም ትክክል ነው፤ ለሜዳ መኪና እኔም እደግፈዋለሁ።

ለግፊቱ ከዲናሞው ሥር ያለውን የፋብሪካውን የዘይት ስዊች ቀዳዳ ይጠቀሙ። በሦስት መንገድ መጋጠሚያ ከፍለው ስዊቹንም ያቆዩት፤ ሁለተኛ ምስክር ይሆናል። ለሙቀቱ በፊልትሮው ሥር የሚገባ ሳህን አለ፤ ሲገዙ የፊልትሮዎን የጥርስ ልክ ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ፣ በተለምዶ የሚጠቀሰው መለኪያ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ማስጠንቀቂያ ለሜዳ አይበቃም። 12 ላይ ቢያደርጉት ለሚኒሞ ይሠራል፤ በ6,000 ዙር ግን ከቀዩ መብራት ብዙም አይሻልም። 40 ላይ ቢያደርጉት ደግሞ በየትራፊክ መብራቱ ይበራልና ችላ ማለት ይለምዳሉ። ሁለት ደረጃ ያለው ካገኙ ወይም ከዙሩ ጋር አገናኝቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ካገኙ እሱን ይውሰዱ። ካላገኙ ወደ ሜዳ ሲገቡ 40 ላይ፣ ወደ ከተማ ሲመለሱ 12 ላይ ያድርጉት። በኩርባ ውስጥ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ ግፊቱ የሚወርደው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ስለሚሆን፣ ቁጥሩን የሚመዘግብ ጌጅ ካለዎት ሜዳውን ከዞሩ በኋላ በየጊዜው ዝቅተኛውን ይመልከቱ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ዘይቱ 100 ዲግሪ ላይ ሳለ በሚኒሞ፣ በ3,000 እና በ5,000 ዙር የሚታየውን ግፊት ጽፈው ያስቀምጡ። በየዘይት ለውጡ፣ በተመሳሳይ ዘይትና በተመሳሳይ ሙቀት፣ ደግመው ይለኩ። ከመጀመሪያው በ10 ፒኤስአይ ከወረደ ሜዳ አይግቡ፤ መጀመሪያ ጌጁን በሌላ ጌጅ ያመሳክሩ፣ ቀጥሎ ፊልትሮውን ቆርጠው ወረቀቱ ውስጥ የብሮንዚና ብናኝ መኖሩን ይፈትሹ።